ቱንድራን ለማጥናት ከሐዋሳ ካናዳ ልሂድ? የጂኦግራፊ ሰዎች ምከሩኝ

ቤቲ ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሐዋሳ አድጌ እዚሁ ጂኦግራፊ ተምሬ ጨረስኩ። አሁን በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 9ኛና 10ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ለማስተርስ ወደ ውጭ ብዙ ቦታ ጽፌ ነበር። አብዛኞቹ ዝም አሉኝ። ካናዳ ያሉ አንዲት የጂኦግራፊ ፕሮፌሰር ግን መለሱልኝ። ሁለት ጊዜ በቪዲዮ አወራን፣ ከዚያ «ቦታ አለኝ፣ ወጪሽ ይሸፈናል፣ አስቢበት» አሉኝ።

ሥራቸው የአየር ንብረት ለውጥ ቱንድራን፣ ማለትም ዛፍ የማይበቅልበትን ቀዝቃዛ ምድር፣ ምን እያደረገው እንደሆነ ማጥናት ነው። ቦታው የካናዳ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ኢኑቪክ የምትባል ከተማ አካባቢ። በፊት ሣርና መሬት ላይ የሚለጠፍ ሽበት ብቻ በነበረበት መሬት ላይ ቁጥቋጦ እየበዛ ነው። ቁጥቋጦው በረዶውንና ከሥር ያለውን የቀዘቀዘ አፈር ምን ያደርገዋል? እሱን ነው የሚለኩት።

ቤት ውስጥ ጉዳዩ ሳቅ ሆኗል። እናቴ «ዛፍ የሌለበት አገር ሄደሽ ስለ ዛፍ ልታጠኚ?» ትላለች። አባቴ ግን አይስቅም። «ስትመለሺ በረዶውን ከየት ታመጪዋለሽ?» ነው የሚለኝ። እውነት ለመናገር የእሱ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ይባስ ብሎ ነገሩን ክፍል ውስጥ አነሳሁት። አንዱ ተማሪዬ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እኛን በየክረምቱ ችግኝ ትከሉ ይሉናል። እዚያ ማንም ሳይተክለው ከበቀለ ምኑ ነው መጥፎ?» አለኝ። ደወል ተደወለ፣ እኔም ተረፍኩ።

እስከ ጥቅምት መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ። ሥራው በተግባር ምን ይመስላል? ተመልሼ ስመጣስ ለምን ይሆነኛል? ለልጁስ ምን ልበለው?

አሞራ ገደል

እህቴ፣ ዕድሉ እንዳያመልጥሽ፣ ሂጂና ተማሪ። ግን ካልሽ አይቀር እንነጋገር። የሐዋሳ ሐይቅ እዚህ አጠገብሽ ደለል እየገባበት ነው። የከተማው ጎርፍ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቂያቸው፣ ያለቅሱልሻል። እሱን የሚያጠና ጠፍቶ እኛ የካናዳ ሣር እንቁጠር? አባትሽ ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ቅር እንዳይልሽ።

ባለ ባጃጁ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሐዋሳን «ብርድ ነው» ብላ ጃኬት የምትደርብ ልጅ ናት ኢኑቪክ የምትሄደው? በርቺ።

የጥቁር ውሃ ልጅ

ቤቲ፣ እንኳን ደስ አለሽ። የጥቁር ውሃ ልጅ ነኝ፣ የማስተምረውም እዚሁ ሐዋሳ ነው። ለዶክትሬት ስዊድን ሳለሁ በበጋ በበጋው አቢስኮ የሚባል ቦታ የመስክ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። ከአርክቲክ ክበብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ነው። የራሴ ጥናት ሌላ ነበር፤ ወደዚያ የሄድኩት ለእንጀራ ነው። እንጀራ ግን በዚያ ሰፈር አይታሰብም።

በተማሪሽ ልጀምር። የጠየቀው ቀልድ አይደለም፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚከራከሩበት ነገር ነው።

ቱንድራ ውስጥ በጣም የሚሞቀው ወር እንኳ በአማካይ ከ10 ዲግሪ አያልፍም። ለዚህ ነው ዛፍ የማይችለው። ከሥር ደግሞ ፐርማፍሮስት አለ፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ዜሮ ዲግሪና ከዚያ በታች የቆየ መሬት ማለት ነው። ብዙ ቦታ ግን ዕድሜው ሺህ ዓመታት ነው። በበጋ የሚቀልጠው ከላይ ያለው ስስ አፈር ብቻ ነው፤ ከጥቂት አስር ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሥሩም ቅጠሉም ይሞታል፣ ግን ቅዝቃዜው እንዲበሰብስ አይፈቅድለትም። እንዲህ እየተደራረበ በፐርማፍሮስት አካባቢዎች አፈር ውስጥ ከ1.4 እስከ 1.6 ትሪሊዮን ቶን የሚገመት ካርቦን ተከማችቷል። አሁን ከባቢ አየር ውስጥ ካለው እጥፍ ገደማ ነው።

ስለዚህ ልጁን እንዲህ በይው። እኛ ጋ የተራቆተ ኮረብታ ላይ ችግኝ ስንተክል ካርቦን የሚገባው ባዶ ቤት ነው። እዚያ ግን ሀብቱ ድሮ ገብቶ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉም ቅዝቃዜው ነው። ቁጥቋጦው ሲያድግ ካርቦን ይወስዳል፣ ይህ እውነት ነው። ጥያቄው ቁልፉን ይነካዋል ወይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። በክረምት ንፋስ የሚያመጣውን በረዶ ቁጥቋጦው ይይዘዋል። በረዶ ደግሞ ለመሬት ጋቢ ነው። ከላይ አየሩ ከዜሮ በታች 30 ሲሆን ከሥር ያለው አፈር ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ረቂቅ ተሕዋስያኑ በክረምትም ቀስ እያሉ የሞተውን ሥርና ቅጠል ያበሰብሳሉ፣ ካርቦኑም ይወጣል። ጸደይ ሲመጣ ጥቁር ቅርንጫፎቹ ከበረዶው በላይ ብቅ ብለው የፀሐይ ሙቀት ይስባሉ፤ በረዶው ቶሎ ይቀልጣል። በበጋ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ቅጠሉ ጥላ ይጥልና አፈሩን ያቀዘቅዘዋል። ታዲያ ዓመቱ ሲደመር የትኛው ያሸንፋል? መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ፕሮፌሰርሽ የሚለኩት እሱን ነው። ለዚህም ነው ላፕቶፕ ላይ ተቀምጦ የማያልቀው።

መሬቱ ሲቀልጥም አንድ ዓይነት አይደለም። ደረቅ ሆኖ ከቀለጠ የሚወጣው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ውሃ ከተኛበት ሚቴን ይወጣል፤ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ የሚያሞቅ ጋዝ ነው። አቢስኮ አጠገብ ስቶርዳለን የሚባል ረግረግ አለ። ከሥሩ በረዶ ያቀፈ፣ ደረቅ ጉብታ የነበረው መሬት ውስጡ ሲቀልጥ ይሰምጣል፣ ውሃ ይሞላበታል፣ ከዚያ ጫፉ ነጭ ጥጥ የሚመስል ሣር ይወርሰዋል። እዚያ ላይ በሳንቃ እየተራመድን ነበር የምንሠራው። ከሳንቃው የወረደ ቦቲው ይሞላል፣ ከኃላፊውም ቁጣ ይጠብቀዋል፤ በእግር የተረገጠ ቱንድራ በቶሎ አያገግምምና።

አሁን ደግሞ «ሥራው ምን ይመስላል» ላልሽው።

በበጋው መጨረሻ የቀለጠው አፈር ጥልቀት ይለካል። መሣሪያው ሳንቲ ሜትር የተቀረጸበት፣ ከላይ እጀታ ያለው የብረት ዘንግ ነው። ወደ አፈሩ ትገፊዋለሽ። ሙስ ሙስ እያለ ይገባል። ከዚያ ድንገት ቀጥ ይላል፣ ክርንሽ ድረስ ይሰማሻል፤ በረዶው ጋ ደርሷል ማለት ነው። ድንጋይ ከነካ ድምፁ ሌላ ነው፤ ጥርስ የሚያፋጭ ዓይነት። ሲለምድብሽ ትለዪዋለሽ። «አርባ ሰባት!» ትያለሽ፣ ጓደኛሽ በእርሳስ ይጽፋል። እስክሪብቶ አይያዝም፣ በዝናብ አይሠራም። በዓለም ዙሪያ ይህን ልኬት የሚያስተባብረው ፕሮግራም ከ1991 ጀምሮ አለ። ብዙዎቹ ቦታዎች 11 በ11 ነጥብ ያላቸው አራት ማዕዘኖች ናቸው፣ 121 ጊዜ ትወጊያለሽ ማለት ነው። ወገብሽን አደራ።

ዕፅዋቱን ለመቁጠር ደግሞ ክር በክር የተጠላለፈበት ካሬ ፍሬም አለ። በሆድሽ ትተኚና ክሮቹ በተገናኙበት ሁሉ ቀጭን ሽቦ ወደ ታች ትሰጃለሽ፣ የነካውን ቅጠል ስሙን ትጠሪያለሽ። አንድ ፍሬም ብዙ ጊዜ 100 ነጥብ አለው። ይህ ሁሉ ሲሆን ትንኝ ጆሮሽ ውስጥ ነው። የሐዋሳ ትንኝ ጨዋ ነው፣ ቢያንስ እስኪመሽ ይጠብቃል። እዚያ በበጋ አይመሽም!

አጠገቡ ደግሞ ጣሪያ የሌላቸው ባለ ስድስት ጎን የፕላስቲክ ከለላዎች ታያለሽ። በ1990 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የቱንድራ ሙከራ ነው። ከለላው ንፋሱን ከልክሎ ውስጡን ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ያሞቀዋል። ውስጥ ያለውንና ውጭ ያለውን ዕፅዋት በየዓመቱ ታወዳድሪያለሽ። ኤሌክትሪክ የለ፣ ሞተር የለ። እኔ በጣም የምወደው ሙከራ ነው፤ በዶላር እጥረት የማይቆም!

አሞራ ገደል፣ ላንተም መልስ አለኝ፣ አሁን ግን ክፍል አለኝ።

ቤቲ ከሐዋሳ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ«ባዶ ቤት»ና «የተቆለፈ ቤት» ነገር ለልጆቹ ዛሬውኑ ነገርኳቸው። ያ ተማሪ አሁንም አልተረታም። «ታዲያ ቁጥቋጦውን ለምን አይቆርጡትም?» አለኝ።

የጥቁር ውሃ ልጅ

ልጁን ጂኦግራፊ አስገቢልኝ።

በጥቂት ቦታ እየቆረጡም ሞክረዋል፣ ለጥናት ያህል። ግን የአርክቲክ ቱንድራ በሚሊዮኖች ካሬ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ነው፣ በማጭድ የሚደረስበት አይደለም። ቁጥቋጦው ደግሞ ምልክቱ እንጂ ዋናው በሽታ አይደለም። አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ ወደ 4 እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል። አንዱ ትልቅ ምክንያት በረዶው ነው። ነጩ ሲቀልጥ ከሥሩ ጥቁር ባሕርና ጥቁር መሬት ይወጣል፣ ያ ደግሞ ሙቀቱን ይይዛል፣ ተጨማሪ በረዶ ይቀልጣል።

እሳትም አለ። በ2007 አላስካ ሰሜን ውስጥ አናክቱቩክ ወንዝ አጠገብ ቱንድራው ተቃጥሎ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነደደ። ወደ 2 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ወጣ፣ አብዛኛው ከአፈሩ ነው። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በ2024 ባወጣው የአርክቲክ ሪፖርት የሰደድ እሳቱ ሲደመር ቱንድራው ካርቦን ሰብሳቢ መሆኑ ቀርቶ ለቃቂ ሆኗል ብሏል። አየሩ ደግሞ ድንበር የለውም። ለአሞራ ገደል የመጀመሪያው መልሴ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ግን የበለጠ ያሳስበኛል። ቁጥቋጦ መብዛቱ በምን ታወቀ? በድሮ ፎቶ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነዳጅ ሲፈልግ ሰሜን አላስካን በአውሮፕላን ፎቶ አንስቶ ነበር። ስለ ቁጥቋጦ ያሰበ ሰው አልነበረም። ከ50 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች በሄሊኮፕተር ሄደው እነዚያኑ ቦታዎች ከዚያው አቅጣጫ መልሰው አነሱ። ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ኮረብታውና ወንዙ እንዳለ ነው፣ ቁጥቋጦው ግን ወፍሯል፣ ሸለቆውን ሞልቷል። ውጤቱ በ2001 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። ጨለለቃን የሚያስታውስ አለ? ከሐዋሳ ሐይቅ በላይ፣ ወደ ወንዶ ገነት አቅጣጫ፣ ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር። አባቶቻችን በታንኳ የሄዱበት ነው። ዛሬ ከብት ይግጥበታል፣ ይታረሳል። ደለሉን ይይዝ የነበረው እሱ ነው። እሱ ሲሞላ ጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጣውን ሁሉ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ያስተላልፋል። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፣ የገባ ደለል ይቀራል። ይህን ታሪክ ሙሉውን የሚያሳየን ላንድሳት ነው፤ ከ1972 ጀምሮ እየተተካኩ ምድርን እየዞሩ የሚያነሱት ሳተላይቶች። ፕሮፌሰርሽ የቱንድራውን አረንጓዴነት የሚከታተሉበትም ያው ነው። ምስሉን የምታወርድበት ቦታ፣ የምታርምበት ዘዴ፣ የምትጽፈው ኮድ፣ ሁሉም አንድ ነው። ኢኑቪክን ያነበበች ልጅ ጨለለቃን ለማንበብ አዲስ ትምህርት አያስፈልጋትም።

አሞራ ገደል

ጨለለቃን አነሳህብኝ። አያቴ ዓሣ ያወጡበት ነበር። እሺ፣ ግማሽ በግማሽ አሳምነኸኛል። ግን እዚያ ሰው አለ? ወይስ የሚጠናው ለድብ ነው?

የጥቁር ውሃ ልጅ

ሰው አለ እንጂ! ሳይቤሪያ ያማል በሚባል ቦታ አጋዘን አርቢዎች አሉ። በ2016 በጋ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ አባ ሰንጋ ወጣባቸው። አዎ፣ እኛው የምናውቀው አባ ሰንጋ። ፐርማፍሮስቱ ሲቀልጥ ድሮ በበሽታው የሞተ እንስሳ ሬሳ ወጥቶ ነው ተብሎ ይታመናል። የእንስሳት ክትባቱም ከዚያ በፊት ቆሞ ነበር። ከ2,000 በላይ አጋዘን አለቀ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅም ሞተ። ከብት ያረባ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ቀይ ቀበሮ ከዲንሾ

ሰላም። ባሌ ተራሮች ላይ አስጎብኚ ነኝ፣ ቤተሰቤ ሐዋሳ ነው፣ ስለዚህ ይህን ውይይት እንደ ጎረቤት ነው የማየው።

አባትሽ በረዶውን ከየት ታመጪዋለሽ ካሉ የባሌውን ከፍተኛ ሜዳ፣ ሳነቴን አሳዪአቸው። በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ፣ ከዚያ ሮቤ፣ ጎባ። ከጎባ መንገዱ ወደ ላይ ይወጣና 4,000 ሜትር ላይ ያወጣሻል። ዛፍ የለም። ጅብራ አለ፣ ነጣ ያለ አጭር ቁጥቋጦ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ንፋስ አለ። ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4,377 ሜትር ነው። በየ100 ሜትሩ 0.65 ዲግሪ ይቀንሳል ብለን ብናሰላ ሐዋሳ ላይ 25 ሲሆን እዚያ 8 ገደማ ይሆናል። የውጭ ሳይንቲስቶች አንዳንዶቹ «የአፍሪካ ቱንድራ» ይሉታል። እኛ ት/ቤት የተማርነው ውርጭ ነው።

ልዩነቱን ግን ልንገርሽ። እኛ ጋ ክረምትና በጋው በየቀኑ ነው። በደረቁ ወራት ቀን ላይ ፀሐይ ቆዳ ያቃጥላል። ሌሊት ይቀዘቅዝና ጠዋት አፈሩን ብትረግጪው ከሥሩ የቆሙ ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች ክርችም ክርችም ይላሉ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ውሃ ሆኗል። ከሥር ፐርማፍሮስት የለም። ድሮ ግን በደንብ ይቀዘቅዝ ነበር። ሜዳው ላይ ትልልቅ ድንጋዮች በመስመር በመስመር ተደርድረው ታገኛላችሁ፣ ሰው ያሰለፋቸው ነው የሚመስለው። እንግዳ ሁሉ «ማን ሠራው?» ይለኛል። በበረዶ ዘመን መሬቱ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ እየገፋ የደረደራቸው ናቸው። ያኔ ተራራው ላይ የበረዶ ግግር ነበር። ፍንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻም አለ። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰው ኖሮበታል፣ ፍልፈል ጠብሶ ይበላ ነበር፤ ጥናቱ በ2019 ነው የወጣው። ያ ፍልፈል ዛሬም አለ፣ ከባሌ ውጭ የትም የለም። አሁን የሚበላው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ከ500 የማይሞሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ያሉት እዚሁ ነው።

ሽማግሌዎቹ «ድሮ ገብስ እዚህ አይበቅልም ነበር» እያሉ ከፍ ያለ ቦታ ያሳዩኛል። ሙቀት ነው? የመሬት ጥበት ነው? ሁለቱም ይሆናል። ከብቱም አለ፣ የአስታ ዛፍ ቃጠሎውም አለ። ለመለየት ማን ለካው? ተመራማሪ መጥቶ ቴርሞሜትር ይቀብራል። አንዳንዱ ተመልሶ ያወጣዋል፣ አንዳንዱን እረኛ ያወጣዋል። ሞቆ ሞቆ አውሬውም ሣሩም ወደ ላይ ቢሸሽ ደግሞ 4,377 ላይ ያልቃል። ከዚያ በላይ ሰማይ ነው።

ዓለም ከኤድመንተን

የኔ ልጅ፣ እኔ የጂኦግራፊ ሰው አይደለሁም፣ ግን ኢኑቪክን ስለማውቃት ዝም ማለት አልቻልኩም። በሥራ ኮንትራት ከርሜባታለሁ።

ቤቱ ሁሉ በምሰሶ ላይ የቆመ ነው። መጀመሪያ ጎርፍ ፈርተው መስሎኝ ነበር። ለካስ የቤቱ ሙቀት ከሥር ያለውን በረዶ እንዳያቀልጠው ነው። የውሃና የፍሳሽ ቱቦውም መሬት ውስጥ አይቀበርም፣ በሳጥን ተሸፍኖ ከመሬት በላይ በየሰፈሩ ይሄዳል። በ2017 ደግሞ እስከ ባሕሩ ድረስ ወደ ቱክቶያክቱክ መንገድ ከፈቱ። ሲሠሩት መሬቱን አልቆረጡትም አሉ፣ ከላይ አፈር እየደለደሉ ነው የሄዱት። ቆፍረሽ የነካሽው በረዶ አይምርሽም።

ብርዱን አትፍሪው፣ ልብስ አለው። ከዜሮ በታች 40 ሲደርስ ሴልሺየስ በይው ፋራናይት ያው ነው፣ ሁለቱም እዚያ ላይ ይገናኛሉ። ጂንስ ግን ተይው፣ ሐዋሳ ለእህትሽ ስጪያት። የሚከብደው ጨለማው ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ጠልቃ አንድ ወር ያህል አትወጣም። ቫይታሚን ዲ ዋጪ፣ ሰው ጋ ሂጂ፣ ቤት አትዝጊ። በርበሬና ሽሮ ከቤት ያዢ። እንጀራ ከኤድመንተን እልክልሻለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ባለ ባጃጁ

እማማ ዓለም፣ እኔም ጂኦግራፊ ልማር መሰለኝ።

የጥቁር ውሃ ልጅ

ቀይ ቀበሮ፣ «ለመለየት ማን ለካው» ያልከው ነገር የኔን ረጅም ወሬ ሁሉ ያስቀረ ነው።

ቤቲ፣ እኔ አንቺን ብሆን ለበረዶው ብዬ አልሄድም። የምሄደው አንድን ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ለአሥርተ ዓመታት ሳያቋርጡ መለካት እንዴት እንደሚቻል ለማየት ነው። አቢስኮ ላይ የአየር ሙቀት ከ1913 ጀምሮ ይመዘገባል። ጦርነት መጣ፣ ሄደ፣ እነሱ ይጽፋሉ። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች የነበረው ወደ ላይ መሻገሩ የታወቀው በዚያ መዝገብ ነው። እኛ ጋ ፕሮጀክት ሲያልቅ ልኬቱም ያልቃል። ፕሮጀክት ደግሞ ሦስት ዓመት ነው። የተማረ ሰው አላጣንም፣ ያጣነው ያንኑ ዘንግ ያንኑ ቦታ በየዓመቱ የሚወጋ ሰው ነው።

«እሺ» ከማለትሽ በፊት ግን ፕሮፌሰሯን ጥቂት ነገር ጠይቂያቸው። አይከፋቸውም፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ገንዘቡ ለስንት ዓመት እንደሆነና የውጭ ተማሪ ተጨማሪ ክፍያን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡሽ። በቃል የተባለ ነገር ጥሩ ሰውም ይረሳዋል። የመስክ ልብስና የሄሊኮፕተር ወጪ ከማን ኪስ እንደሆነ እወቂ። ልኬቱ ከመቼ ጀምሮ እንዳለና አንቺ የምትጽፊበትን መረጃ ሌላ ተማሪ ይዞት እንዳልሆነ ጠይቂ። መሬቱ የአካባቢው ነባር የኢኑቪያሉት ሕዝብ ነው፣ ከእነሱ ጋር እንዴት እንደሚሠሩም ጠይቂ። እዚያ ከማኅበረሰቡ ጋር ሳይነጋገሩ ዘንግ መትከል ነውር ነው። የእኛ እረኛ ቴርሞሜትሩን የሚያወጣው ማንም ስላላስረዳው ይመስለኛል።

ዋናውን መጨረሻ ላይ ጠይቂ፦ ከመመረቂያው አንዱን ምዕራፍ ባሌ ላይ ልሠራ እችላለሁ ወይ? ዓይን አፋር አትሁኚ። «እኛ ጋ ፐርማፍሮስት የለም፣ ግን ዛፍ የሚያበቃበት የዛፍ ድንበር አለ፣ ላንድሳት አለ» በያቸው። ቁጥቋጦ ወደ ላይ መውጣቱን ከፐርማፍሮስቱ ውጤት ለይቶ ለማየት ፐርማፍሮስት የሌለበት ቦታ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ለእሳቸውም ይጠቅማቸዋል፣ ለአባትሽም መልስ ነው።

እስከዚያው «R» የሚባለውን የመረጃ መተንተኛ የኮምፒውተር ቋንቋ ተለማመጂ። ከመሄድሽ በፊት የጨለለቃን የላንድሳት ምስሎች አውርደሽ የውሃውን ስፋት አስልተሽ አሳዪኝ። መብራት ሲኖር።

ቤቲ ከሐዋሳ

ይቅርታ ቆየሁ፣ የፈተና እርማት ነበር።

ጻፍኩላቸው። ሁሉንም ጠየቅኩ፣ የገንዘቡንም ጭምር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። በማግስቱ መለሱ። ገንዘቡ ለሁለት ዓመት ነው፣ ደብዳቤው ይመጣል። የመስክ ልብስ ከእነሱ ነው። ድብ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ ሥልጠና አለ፣ ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ስለ ባሌ «ምዕራፍ ለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ግን ሐሳቡን በአንድ ገጽ ጻፊልኝ፤ የዛፉ ድንበር የት እንደሆነና ምን የቆየ ምስል እንዳለ ንገሪኝ» አሉ። ስለ ጅብራ ደግሞ ሦስት ጥያቄ ጠይቀውኛል፣ መልሱን አንዱንም አላውቀውም።

ቀይ ቀበሮ፣ ታኅሣሥ ላይ ከአባቴ ጋር ሳነቴ ልንመጣ ነው። «በረዶውን ካሳየሽኝ እሺ» ብሏል።

ቀይ ቀበሮ ከዲንሾ

እንኳን ደህና መጣችሁ። ታኅሣሥ ጥሩ ነው፣ ውርጩ ያኔ ነው የሚጠናው። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ሜዳው ላይ እንሁን፣ አለበለዚያ መርፌዎቹ ይቀልጡና አባትሽ ይረቱሻል። ጓንትና ወፍራም ካልሲ አትርሱ። ስለ ጅብራው የጠየቁሽን ላኪልኝ።

የጥቁር ውሃ ልጅ

አንድ ገጹን ስትጨርሺ ለፕሮፌሰሯ ከመላክሽ በፊት ላኪልኝ፣ ልየው። በወርድ አድርጊው፣ ፒዲኤፍ ላይ ማረም አልችልም። የአስታውን ድንበር ደግሞ ከጽሑፍ ብቻ እንዳትወስጂ፤ ሳነቴ ስትወጪ ስልክሽ ላይ ጂፒኤሱን ክፈቺና የመጨረሻው አስታ የቆመበትን ከፍታ ራስሽ መዝግቢ።